ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሰጥ ማደንዘዣ፦ ለምን አከራካሪ ሆነ?

በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው ሁልጊዜ ጸጥ ብሎ አይተኛም። ራሱን ቢስትም ጥርሱን ይነክሳል፣ ይወራጫል፣ ያስመልሳል። ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ደምና ትውከት ወደ ሳንባው ይወርዳል። ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ደግሞ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ይደርስበታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ሐኪሞች አስተማማኝ የሚሉት መፍትሔ በአፉ በኩል የፕላስቲክ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው አስገብቶ በዚያ በኩል እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። በሕክምናው ቋንቋ ኢንቱቤሽን ይባላል። ነገር ግን ጥርሱን የነከሰ፣ ጉሮሮው በተነካ ቁጥር የሚያስመልስ ሰው ቱቦውን በቀላሉ አይቀበልም። እንዲቀበል ሁለት መድኃኒቶች ተከታትለው በደም ሥሩ ይሰጡታል። አንደኛው ያስተኛዋል፤ ሁለተኛው የሰውነቱን ጡንቻዎች በሙሉ ያዝላል። ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ሰውየው እስከዚያ ድረስ በራሱ ሲስበው የነበረው ትንፋሽ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ በሕይወት መቆየቱ በአጠገቡ በቆመው ባለሙያ እጅ ነው።

ይህ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በአስፋልት ዳር፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ተጨናንቆ በተሰበሰበ ሰው መካከል ሊደረግ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል። የአምቡላንስ አገልግሎት ገና በመስፋፋት ላይ ባለበት ምሥራቅ አፍሪካ ጥያቄው ከመሣሪያ ግዢ፣ ከሥልጠናና ከበጀት ጋር የተያያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያለ መድኃኒት ቱቦ የሚቀበለው ማን ነው?

መድኃኒቱ አደገኛ ከሆነ ያለ መድኃኒት ለምን አይሞከርም የሚል ሐሳብ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት በ2001 ከለንደን ወጥቷል። በከተማዋ ሐኪም ይዞ የሚንቀሳቀሰው የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ካገለገላቸው የአደጋ ተጎጂዎች መካከል ያለ ምንም ማደንዘዣ ቱቦ የገባላቸው ተመርጠው ዕጣ ፈንታቸው ተመረመረ። መጨረሻቸው ከታወቀው 486 ሰዎች በሕይወት የተረፈው አንድ ብቻ ነበር።

ይህ ማለት ቱቦው ገደላቸው ማለት አይደለም። ያለ መድኃኒት ጉሮሮው ድረስ የብረት መሣሪያ ሲገባበት የማይንቀሳቀስ ሰው ቀድሞውኑ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ነው። ሊተርፍ የሚችለው ደግሞ ገና የሚታገለው፣ ጥርሱን የሚነክሰው ነው። ስለዚህ ቱቦውን ለሚጠቅመው ሰው ለማስገባት መድኃኒት የግድ ነው። መድኃኒቱን መስጠት ደግሞ ያለችውን ትንፋሽ መውሰድ ነው። የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

"ቀላል ነበር" የተባለው ሥራ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው ሳን ዲዬጎ ይህን በሰፊው ከሞከሩት ቀዳሚ ከተሞች አንዷ ናት። ለአምቡላንስ ባለሙያዎቹ፣ ማለትም ለፓራሜዲኮቹ፣ የስምንት ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጠ። ከዚያም ጭንቅላታቸውን ክፉኛ ለተጎዱ ሕሙማን ሚዳዞላም የተባለውን አስተኚና ሳክሲኒልኮሊን የተባለውን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት እየሰጡ ቱቦ እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው። ብዙዎች የተሻለ ውጤት ጠብቀው ነበር። በ2003 የታተመው ውጤት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ይህ ሕክምና ከተደረገላቸው 209 ሰዎች 33 በመቶው ሲሞቱ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ደርሶባቸው ሕክምናው ካልተደረገላቸው መካከል የሞቱት 24 በመቶ ነበሩ።

ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ነገር ከቁጥሩ ይበልጥ ያስደነግጣል። ተመራማሪዎቹ የ54 ሕሙማንን የኦክስጅን መጠንና የልብ ምት በየሰከንዱ ከመዘገቡት መሣሪያዎች ላይ ተመለከቱ። በ31ዱ ላይ ቱቦው እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ በደማቸው ያለው ኦክስጅን በአደገኛ ሁኔታ አሽቆልቁሎ ነበር። ሆኖም ከእነዚሁ ሕሙማን በ84 በመቶዎቹ ላይ ባለሙያዎቹ ሥራውን የገለጹት "ቀላል" ብለው ነው። ዐይናቸው ጉሮሮው ላይ፣ ሐሳባቸው ቱቦው ላይ ስለነበር በመሣሪያው ላይ የሚወርደውን ቁጥር አላስተዋሉትም።

ሌላም ችግር ነበር። ቱቦው ከገባ በኋላ በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው የአየር ከረጢቱን ከሚገባው በላይ ያፈጥነዋል። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ይህ ሲቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ። ቀድሞውኑ የተጎዳ አንጎል በዚህ ምክንያት ደም ይጎድልበታል። ለማዳን በችኮላ የሚጨመቅ ከረጢት ጉዳቱን ያባብሳል ማለት ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ከአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ሌላ ውጤት ተሰማ። በዚያም ሥራውን ያከናወኑት ፓራሜዲኮች ናቸው፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ሥልጠና የወሰዱ፣ ለከባድ ሕሙማን ብቻ የሚጠሩ ናቸው። ጭንቅላታቸውን የተጎዱ 312 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በቦታው አደንዝዘው ቱቦ እንዲገባላቸው፣ ገሚሶቹ ሆስፒታል ደርሰው እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ከስድስት ወር በኋላ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ካሉት 51 በመቶው በጥሩ ሁኔታ አገግመው ሲገኙ፣ በሁለተኛው 39 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር መዝለል ይቀናቸዋል። ሆስፒታል ሳይደርሱ ልባቸው የቆመባቸው ሕሙማን በመጀመሪያው ቡድን 10፣ በሁለተኛው 2 ነበሩ። በጥሩ ሁኔታ ባገገሙት መካከል የታየው ልዩነትም በስታቲስቲክስ ሚዛን ያለፈው ለጥቂት ነው። ጥቅሙ አለ፤ ዋጋው ግን በዚያው መንገድ ላይ ይከፈላል።

የትኛው መድኃኒት?

ከሕሙማን ቤተሰብም ሆነ ከባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የተለመደው ፕሮፖፎል የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ደም ለፈሰሰው ሰው አደገኛ ነው። ሚዳዞላም ዝግ ብሎ ይሠራል፤ ግፊትም ያወርዳል። ኢቶሚዴት ግፊትን ብዙም አይነካም፤ ነገር ግን ሰውነት በከባድ ሕመም ጊዜ የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያመነጨውን ከኩላሊት በላይ ያለ ዕጢ ለጊዜው ያዳክማል።

ኬታሚን ከእነዚህ ይለያል። በ1962 በአሜሪካ የተቀመመ፣ በ1970 ፈቃድ ያገኘ፣ በቬትናም ጦርነት ደግሞ ለቁስለኞች የዋለ መድኃኒት ነው። ሕመምተኛው ዐይኑ እንደተከፈተ ሊቆይ ይችላል፤ ሕመም ግን አይሰማውም፣ ያለበትንም አያውቅም። በተለመደው መጠን ትንፋሽን አያቆምም፤ የደም ግፊትንም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያደርጋል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። በገጠር የአፍሪካ ሆስፒታሎች የማደንዘዣ ሐኪም ሳይኖር እንኳ ቀዶ ሕክምና እንዲካሄድ ያስቻለው ይኸው መድኃኒት ነው። ቻይና በ2015 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ለተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ጥያቄ ባቀረበች ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት የተቃወመው፣ ድሃ አገሮች ያላቸውን ዋና ማደንዘዣ እንዳያጡ በመስጋት ነበር። ውሳኔው እንዲዘገይ ተደርጎ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ኬታሚንን ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው አይሰጡም ነበር። በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል የሚል ሥጋት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ሥጋት አልደገፉትም፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ለእነዚሁ ሕሙማን ይሰጣል።

ኢቶሚዴትና ኬታሚን ፊት ለፊት የተነጻጸሩት በፈረንሳይ ነው። በዚያች አገር ሐኪም በአምቡላንስ ተሳፍሮ ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል። በ2009 የታተመውና 655 ሰዎችን በዕጣ የመደበው ጥናት በኢቶሚዴት በኩል የዕጢው መዳከም እጅግ በዝቶ ቢያገኝም፣ የሕሙማኑ የሰውነት ክፍሎች ሥራ በማቆም ረገድ በሁለቱ መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላየም። ስለ መድኃኒት ምርጫ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል ማለት ይቻላል። ከምርጫው ይልቅ የሚያሳስበው መጠኑና ጊዜው ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በጤነኛ ልክ የተሰፈረ ማስተኛ ከተሰጠው ግፊቱ ወድቆ ልቡ ሊቆም ይችላል። ኬታሚን እንኳ በዚህ ረገድ ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንዲህ ላለ ሕመምተኛ የማስተኛውን መጠን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳሉ፤ ከመድኃኒቱ በፊትም ግፊቱን ለማስተካከል ይሞክራሉ። በግምት የሚሰጥ መጠን የሚያስከትለውን አደጋ ከኢንቱቤሽን ውጪ ያጋጠመ አንድ ክስተት ያሳያል። በ2019 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፖሊስ የያዘውን የ23 ዓመት ወጣት "ለማረጋጋት" ፓራሜዲኮች 500 ሚሊ ግራም ኬታሚን ወጉት። ክብደቱ 65 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የተሰፈረለት ግን ለሌላ፣ ለግዙፍ ሰው የሚሆን መጠን ነው። ወጣቱ ሞተ፤ ሁለቱ ፓራሜዲኮችም በ2023 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ።

ጊዜው ደግሞ እምብዛም የማይነገርለት ችግር ነው። ኢቶሚዴት የሚያስተኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ኬታሚን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። ጡንቻን ከሚያዝሉት መካከል ሮኩሮኒየም የተባለው ግን ለአንድ ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቱቦው ገባ ተብሎ እፎይ ከተባለ በኋላ ተጨማሪ ማስተኛ ካልተሰጠ ሕመምተኛው ይነቃል። ይሰማል፣ ያመዋል፣ ይፈራል፤ ነገር ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ ዐይኑን መግለጥ አይችልም። ላየው ሰው በሰላም የተኛ ይመስላል። የልብ ምቱ መፍጠኑና በዐይኑ ጠርዝ የሚወርደው እንባ ብቻ ይናገሩለታል። በረጅም የገጠር መንገድ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት በሚጓዝ አምቡላንስ ውስጥ ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም።

ቱቦው የት ገባ?

የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ጎን ለጎን ናቸው። በደምና በትውከት በተሞላ ጉሮሮ ውስጥ አንዱን ከሌላው መለየት ቀላል አይደለም። ወደ ምግብ ቧንቧ የገባ ቱቦ አየሩን ወደ ጨጓራ ይልካል፤ ጡንቻው የዛለ ሰው ደግሞ በራሱ ተንፍሶ ስሕተቱን ማካካስ አይችልም። በ2001 በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ በአንድ ሆስፒታል በር ላይ የተደረገ ጥናት ከ108 ሕሙማን በ25 በመቶው ላይ ቱቦው ከቦታው ውጪ መገኘቱን አሳየ። ብዙዎቹ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ነበሩ፤ ይዘዋቸው የመጡት ባለሙያዎች ግን በትክክል እንዳስገቡ ያምኑ ነበር።

መፍትሔው አንድ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ካፕኖግራፍ ይባላል፤ ከሳንባ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር እየለካ በየትንፋሹ መስመር ይሥላል። መስመሩ ከጠፋ ቱቦው ሳንባ ውስጥ አይደለም፣ ወይም ደም መዘዋወር አቁሟል። በዚያው ከተማ በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት መሣሪያው ያለማቋረጥ ሥራ ላይ በዋለባቸው ሕሙማን ላይ ሳይታወቅ የተሳሳተ አንድም ቱቦ አላገኘም። መሣሪያው ባልነበረበት 23 በመቶ ነበር። የብሪታንያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር መንገድ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣ በሆስፒታል ውስጥ ካለው ያነሰ የክትትል ደረጃ ሊኖረው አይገባም የሚለውም ለዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ

በቀጣናው አብዛኛው ተጎጂ ሆስፒታል የሚደርሰው በአምቡላንስ አይደለም። በታክሲ፣ በባጃጅ፣ በጭነት መኪና ኋላ ተጭኖ ነው፤ በኡጋንዳና በኬንያ ደግሞ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት በሁለት ሰው መካከል ተይዞ። በኢትዮጵያ ለየወረዳው የተከፋፈሉት የመንግሥት አምቡላንሶች ቀዳሚ ዓላማ ወላዶችን ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ማድረስ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ሕመምተኛውን የሚከታተል ባለሙያ ላይኖር ይችላል።

የተለየ መንገድ የያዙ አሉ። መቀመጫውን በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ያደረገው የአምሬፍ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ከ1957 ጀምሮ ሕሙማንን በአየር ያጓጉዛል። በአውሮፕላን ሕክምና ትንፋሹ የሚያሰጋ ሕመምተኛ ቱቦ የሚገባለት በተቻለ መጠን ከመነሳት በፊት፣ መሬት ላይ ነው፤ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ ጋ ተንበርክኮ መሥራት አስቸጋሪ ነውና። በሩዋንዳ በ2007 የተቋቋመውና በ912 የሚጠራው የመንግሥት አገልግሎት ሳሙ የሚለውን ስም ከፈረንሳዩ ወስዷል፤ በአምቡላንሶቹ ላይ ግን በሐኪም ፋንታ ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ ይመድባል። አዲስ አበባ ውስጥ ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት አቶ ክብረት አበበም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነበሩ። በዚሁ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2010 ነው። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ አስተኝቶና ጡንቻ አዝሎ ቱቦ የማስገባት ፈቃድን በአምቡላንስ ሙያ የአራት ዓመት ዲግሪ ላላቸው ባለሙያዎች ሰጥታለች።

የማደንዘዣ ባለሙያን በአምቡላንስ ላይ ማስቀመጥ መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ሆኖም ባለሙያው የሚመጣው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የዓለም የማደንዘዣ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 5 የማደንዘዣ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ ይላል፤ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከዚህ እጅግ በታች ናቸው። አንዱን ወደ ጎዳና ማውጣት የአንዲትን እናት የቀዶ ሕክምና ወሊድ ማዘግየት ሊሆን ይችላል።

አየሩም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሳክሲኒልኮሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ሮኩሮኒየምም እንዲሁ። በሰመራ ወይም በሎድዋር ሙቀት ፀሐይ ላይ በምትውል መኪና ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ የከረመ ብልቃጥ ኃይሉን ያጣል። ግማሽ ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ደግሞ ጡንቻውን ግማሽ ያህል ያዝልና ባለሙያውን አጣብቂኝ ውስጥ ይከታል። ቱቦው ቢገባስ? በሌላኛው ጫፍ የሚቀበል መተንፈሻ ማሽንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ከሌለ ከረጢቱን ለሰዓታት በእጅ የሚጨምቀው የሕመምተኛው ወንድም ወይም እህት ሊሆን ነው።

ስለዚህ በቀጣናው ያሉ አገልግሎቶች ኬታሚንና ሮኩሮኒየም ከመግዛታቸው በፊት ሊያሟሏቸው የሚገቡ፣ ስማቸው ግን ያን ያህል የማይጎላ ነገሮች አሉ፦ ኦክስጅን፣ ትውከትና ደም የሚመጥ ማሽን፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን መለኪያ፣ በልክ በልኩ የተዘጋጁ ማስኮችና አምቡ ባግ፣ እነዚህንም በትክክል የሚይዝ እጅ። በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ በ830 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2000 የታተመ ጥናት በማስክና በከረጢት ብቻ የተረዱት ቱቦ እንዲገባላቸው ከተመደቡት ያነሰ የመትረፍ ዕድል እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ወደ አየር ቧንቧው ሳይዘልቁ ከጉሮሮ በላይ የሚቀመጡ መተንፈሻዎችም አሉ፤ ለመማር ከቱቦው ይቀልላሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ካፕኖግራፍ ተጨምሮ፣ ሥራው በየጊዜው እየተገመገመ ሲሄድ ስለ ማስተኛው መርፌ መነጋገር ይቻላል።

ባለሙያ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ደግሞ በአካባቢው ያለ ሰው የሚያደርገው ነገር ውጤቱን ይወስናል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ፣ ከወደቀበት በእጅና በእግሩ ብድግ አድርጎ መኪና ላይ መወርወር በቀጣናው የተለመደ ነው፤ ውሃው ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ የተሰበረ አንገትም ይጠማዘዛል። የሚተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን ከሰውነቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሌሎች ሰውነቱን በአንድነት ወደ ጎን ያዞሩታል። በአፉ ውስጥ የሚታየው ትውከት በስበት ይወጣል፤ ምላሱም ከጉሮሮው ይርቃል። አምቡላንሱ ሲደርስ ከመቼ ጀምሮ ራሱን እንደሳተና ስንት ጊዜ እንዳስመለሰ መንገር ባለሙያው መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ሊያውቀው የሚፈልገው ነው።